የድሮ ቪዲዮ ጌም መሰብሰብ

የድሮ ቪዲዮ ጌም መሰብሰብ ከምርት የወጡ የጌም ማጫወቻዎችን (ኮንሶሎችን)፣ ካርትሪጆችን፣ ዲስኮችን እና ጆይስቲኮችን፣ ከተቻለም ከነካርቶናቸውና ከነመመሪያቸው፣ እየፈለጉ የመግዛት፣ የመጠገን እና የማስቀመጥ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ቴምብር ወይም አሮጌ ሳንቲም ከመሰብሰብ የሚለየው ዕቃው ይሠራል ተብሎ ስለሚጠበቅ ነው። ቴምብር በአልበም ውስጥ ሆኖ ዓመታትን ያሳልፋል፤ የጌም ማጫወቻ ግን ማንም ሳይነካው በሳጥኑ ውስጥ እያለም ያረጃል። በዚህ ምክንያት ስብስቡን ለማቆየት የሚፈልግ ሰው ጥቂት የጠጋኝ ሙያ ሳይማር አይቀርም።

«የድሮ» የሚለው ቃል ቋሚ ወሰን የለውም። በልማድ ከጊዜው ማጫወቻ ቢያንስ ሁለት ትውልድ ወደኋላ የቀረው ሁሉ ይካተታል። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣውና ምርቱ በ2013 የቆመው ፕሌይስቴሽን 2 ዛሬ በብዙ ሰብሳቢዎች መደርደሪያ ላይ ይገኛል።

የሚሰበሰቡ ማጫወቻዎች

ለቤት የተሸጠው የመጀመሪያው ማጫወቻ በጀርመን ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው መሐንዲስ ራልፍ ቤር የፈጠረውና በ1972 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ማግናቮክስ ኦዲሲ ነው። ድምፅም ቀለምም አልነበረውም፤ ተጫዋቹ የሜዳውን ሥዕል የያዘ ስስ ፕላስቲክ በቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ይለጥፍ ነበር። ከነዚህ ፕላስቲኮች፣ ከካርዶቹና ከዳይሶቹ አንዱም ያልጎደለበት ኦዲሲ ማግኘት ማሽኑን ብቻ ከማግኘት በእጅጉ ይከብዳል።

በ1977 የወጣው አታሪ 2600 ካርትሪጅ እየቀያየሩ መጫወትን በሰፊው አስለመደ። በ1983 የአሜሪካ የጌም ገበያ ሲወድቅ አታሪ ያልተሸጠ ዕቃውን በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በአላሞጎርዶ ከተማ የቆሻሻ መጣያ ቀበረው። ይህ ታሪክ ለረጅም ጊዜ እንደ ተረት ሲወራ ቆይቶ በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ቦታው ሲቆፈር እውነት ሆኖ ተገኘ። 1,300 ያህል ካርትሪጆች የወጡ ሲሆን፣ ከፊሎቹ ለሙዚየሞች ተሰጥተው ሌሎቹ በጨረታ ከ100,000 ዶላር በላይ አስገኝተዋል። ለቆሻሻ የተጣለው ዕቃ ከተቀበረ በኋላ ከሱቅ ዋጋው በላይ መሸጡ በሰብሳቢዎች ዘንድ ተደጋግሞ የሚነሳ ነገር ነው።

የጃፓኑ ኒንቴንዶ ፋሚኮምን በሐምሌ 1983 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ ይኸው ማሽን በሌላ ቅርፅ በ1985 አሜሪካ ገብቶ በድምሩ 62 ሚሊዮን ገደማ ተሸጧል። በእጅ የሚያዘው ጌምቦይ በ1989፣ ፕሌይስቴሽን ደግሞ በታኅሣሥ 1994 ተከተሉ። እነዚህ ማሽኖች በብዛት ስለተመረቱ ማሽኑ ራሱ ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሚሆነው በጥቂቱ የታተመ ጨዋታ ነው፤ ለምሳሌ ኒንቴንዶ በ1990 ባካሄደው ውድድር ምክንያት ካሠራቸው ልዩ ካርትሪጆች 90ው ግራጫ፣ 26ቱ ወርቃማ ብቻ ነበሩ።

ኒንቴንዶ በይፋ ባልተሸጠባቸው አገሮች ያለ ፈቃድ የተሠሩ የፋሚኮም ቅጂዎች ገበያውን ይዘዋል። በሩሲያ ከ1992 ጀምሮ የተሸጠው ዴንዲ፣ በፖላንድ ፔጋሰስ፣ በደቡብ አፍሪካ ጎልደን ቻይና የሚባሉት የታወቁ ናቸው። በአንድ ካርትሪጅ ሺህና ሚሊዮን ጨዋታ አለ ተብሎ ተጽፎባቸው ሲከፈቱ ግን ጥቂቶቹ ጨዋታዎች ስማቸውን እየቀየሩ የሚደጋገሙባቸው ካሴቶችም የዚሁ ዘመን ምርቶች ናቸው። ቀድሞ እንደ ርካሽ ዕቃ ይናቁ የነበሩት እነዚህ ቅጂዎች አሁን የራሳቸው ሰብሳቢ አላቸው፤ የብዙ ሕዝብ የልጅነት ትዝታ ከዋናው ማሽን ይልቅ ከነሱ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ይህ ሊያስገርም አይገባም።

ዋጋ እና ክርክር

የአንድ ጨዋታ ዋጋ የሚወሰነው በብርቅነቱ፣ በተፈላጊነቱና በይዞታው ነው። ካርትሪጁ ብቻ፣ ከነሳጥኑና ከነመመሪያው፣ እንዲሁም ፈጽሞ ያልተከፈተው፣ ጨዋታው አንድ ሆኖ ሳለ በጣም የተራራቀ ዋጋ ያወጣሉ። በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ያልተከፈተ «ሱፐር ማሪዮ 64» በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር ሲያወጣ፣ በሚቀጥለው ወር ያልተከፈተ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» በ2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ሁለቱም በሚሊዮኖች የታተሙና ያገለገለ ቅጂያቸው በቀላሉ የሚገኝ ጨዋታዎች ናቸው፤ ገንዘቡ የተከፈለው ለማሸጊያው ነው።

ይህ ዓይነቱ ግብይት ሰብሳቢውን ለሁለት ከፍሎታል። አንደኛው ወገን ዕቃውን እንደ ሥዕል ወይም እንደ ወርቅ ያስቀምጠዋል፤ በባለሙያ ተመዝኖ፣ ነጥብ ተሰጥቶት፣ በጠንካራ ፕላስቲክ ታሽጎ ይቀመጣል። ሌላው ወገን የማይጫወቱበት ጌም ጌም አይደለም ይላል። የሁለተኛው ወገን ክርክር አንድ ጠንካራ ነጥብ አለው፦ ታሽጎ የኖረ ካርትሪጅ ውስጡ ይሥራ ወይም የሞተ ይሁን ሳይከፈት አይታወቅም።

እርጅና እና ጥገና

ብዙዎቹ የድሮ ካርትሪጆች የተጫዋቹን ውጤት የሚያስቀምጡት በውስጣቸው ባለች ትንሽ ባትሪ ነው። ባትሪዋ ከ15 እስከ 20 ዓመት ከሠራች በኋላ ስትሞት የተቀመጠው ውጤት አብሮ ይጠፋል። ባትሪው በቦርዱ ላይ የተበየደ በመሆኑ ለመቀየር ብየዳ ያስፈልጋል። ካፓሲተሮችም ከጊዜ በኋላ ፈሳሽ ያወጡና የቦርዱን መስመር ይበላሉ፤ የሴጋው ጌም ጊር በዚህ ችግር ክፉኛ ይታወቃል። በዲስክ የሚሠሩት ማጫወቻዎች ደግሞ መጀመሪያ የሚደክምባቸው ዲስኩን የሚያነበው የሌዘር ዓይን ነው። ነጭና ግራጫ ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት ይቢጫል፤ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማንጣት ቢቻልም ፕላስቲኩን እንዳያሰባብረው የሚጠነቀቁ አሉ።

ካርትሪጅ አልሠራ ሲል አፍ አስጠግቶ እፍ ማለት በመላው ዓለም የተለመደ ነበር። የሚሠራ የመሰለው ካሴቱ ወጥቶ እንደገና ስለሚሰካ ነው፤ ከትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት ግን ብረቱን ያዝገዋል። ትክክለኛው መንገድ ጫፉን በአልኮል በተነከረ ጥጥ መጥረግ ነው።

ቴሌቪዥኑም የስብስቡ አካል ነው። እንደ «ዳክ ሃንት» ያሉ በሽጉጥ የሚጫወቷቸው ጨዋታዎች ጀርባው ወፍራም በሆነው አሮጌ ቴሌቪዥን ካልሆነ አይሠሩም፤ ሽጉጡ የተሠራው በዚያ ቴሌቪዥን ላይ ምስል በሚሣልበት ፍጥነት ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ብዙው ተጫዋች ቪዲዮ ጌምን ያወቀው ቤቱ ባለ ማጫወቻ ሳይሆን በየሰፈሩ ባሉ የጌም ቤቶች ነው። ክፍያው በጨዋታ ወይም በሰዓት ሲሆን፣ ተሸናፊው ጆይስቲኩን ለባለ ተራው ይለቃል። በነዚህ ቤቶች ለረጅም ጊዜ የነገሠው ፕሌይስቴሽን 2 እና የእግር ኳስ ጨዋታዎቹ ነበሩ።

ይህ ታሪክ ለሰብሳቢ የሚተርፈውን ዕቃ ወስኖታል። የጌም ቤት ማጫወቻ የንግድ መሣሪያ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራል፣ ጆይስቲኩ ይቀየራል፣ ካርቶኑና መመሪያው የሚፈለግበት ምክንያት የለም። ዲስኮቹም በአብዛኛው ተገልብጠው የተቃጠሉ ናቸው። ማሽኑ ሲሞት ለሌላው መጠገኛ ክፍሉ ይፈታታል፤ የቀረውን ቆራሌው ይወስደዋል፤ ከዚያም መርካቶ ምናለሽ ተራን በመሰሉ ቦታዎች ብረቱ ለብረት፣ ፕላስቲኩ ለፕላስቲክ ይለያል። ስለዚህ በሌላ አገር ገበያ እንደ ተራ ነገር የሚታይ ከነሙሉ ዕቃው ያለ ፕሌይስቴሽን 2 እዚህ በቀላሉ አይገኝም። ከሁሉም ቀድማ የምትጣለው ምናልባት ሚሞሪ ካርዷ ናት። ስምንት ሜጋባይት ብቻ የምትይዘው ይህች ካርድ የአንድ ሰፈር ተጫዋቾች ያቋቋሟቸውን ቡድኖችና ያስመዘገቧቸውን ውጤቶች ልትይዝ ትችላለች፤ ይህም ከማንኛውም ሱቅ አይገዛም።

ከውጭ የሚመጣ ማጫወቻ የራሱ ጣጣ አለው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካው 120፣ የጃፓኑ 100 ነው። ከዘመድ ሻንጣ የወጣ ማሽን ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። ከዚህም ሌላ የአሜሪካና የጃፓን ማሽኖች የሚያወጡት ምስል ለፓል ሥርዓት ብቻ በተሠራ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይታያል ወይም ይንቀጠቀጣል።

ጥበቃ

የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡ ጨዋታዎች 87 በመቶው ዛሬ በሕጋዊ ገበያ አይሸጡም። በዚያው ዓመት መጋቢት ኒንቴንዶ የዊ ዩ እና የ3ዲኤስ የኢንተርኔት ሱቆቹን ዘግቷል። የድሮ ማሽንን በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች ጨዋታውን ያቆያሉ፤ የጨዋታ ፋይሎችን ማሰራጨት ግን በብዙ አገሮች የቅጂ መብት ጥያቄ ያስነሳል።

በኢትዮጵያ ጨዋታን ሰብስቦ የማስቀመጥ ሥራ ከቪዲዮ ጌም ይቀድማል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ እና በአፍሪካ ቀንድ የሚጫወቷቸውን ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶች ከነሕጋቸው መዝግቧል። ለገበጣ ሕጉ ከተጻፈ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ በጠጠር መጫወት ይቻላል፤ ለቪዲዮ ጌም ግን ማሽኑ ወይም አስመሳዩ የግድ ነው። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት የሠራውና ዶሮ የምትሮጥበት «ኩኩሉ»ም የተሠራው ለስልክ ስለሆነ ካርትሪጅም ካርቶንም የለውም። ሰብሳቢ ሊያስቀምጥ የሚችለው የመጫኛ ፋይሉን ወይም ጨዋታው የተጫነበትን ስልክ ነው፤ የስልኩ ባትሪም እንደ ካርትሪጁ ባትሪ ሁሉ ያረጃል።