የተቈጠረ ሥዕል
ስለ ኮሪያዊው ሠዓሊ ስለ ኦ ዩን የእንጨት ኅትመት

አንድ የኅትመት ሥዕል የተመለከተ ሰው ከሥዕሉ ግርጌ በእርሳስ የተጻፉ ሁለት ቍጥሮችን ያያል። 7/50 የሚል ቢሆን፥ ከአንዱ ሰሌዳ ከታተሙት 50 ቅጂዎች ይህኛው ሰባተኛው ቍጥር የተሰጠው መሆኑን ያስረዳል። ሠዓሊው ይህን ጽፎ ሲፈርምበት፥ ከዚህ በላይ አላትምም ብሎ ለገዢው ቃል መግባቱ ነው። ልማዱ ዛሬ በብዙ አገር የታወቀ ስለ ሆነ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለናል። ነገር ግን ማተም የተፈለሰፈው ለማብዛት እንጂ ለመወሰን አልነበረም። ይህን ለመረዳት የኮሪያን ታሪክ መመልከት ይበቃል፤ ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ1966 በቡልጉክሳ ገዳም የሚገኘው የድንጋይ ግንብ በሚጠገንበት ጊዜ፥ ከእንጨት ሰሌዳ የታተመ የቡድሃ ሃይማኖት ጸሎት ጥቅልል በውስጡ ተገኘ። ብዙ ሊቃውንት ጥቅልሉ በ8ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የታተመ እንደ ሆነ ይገምታሉ። በ13ኛው መቶ ዓመትም ሞንጎሎች አገሪቱን በወረሩ ጊዜ፥ ቀድሞ የተቀረጹት የሃይማኖቱ መጻሕፍት ሰሌዳዎች በ1232 ተቃጠሉ። የጎርዮ መንግሥት ግን ተስፋ ባለመቍረጥ ከ1236 እስከ 1251 ድረስ ሁሉንም እንደገና አስቀረጸ። ከ81,000 የሚበልጡት እነዚህ ሰሌዳዎች ዛሬም በሄኢንሳ ገዳም ተጠብቀው ይገኛሉ። ለቀራጮቹ ሰሌዳው ማለት መጽሐፉ እንዳይጠፋ የሚጠብቅ ዋስ ነበር። ወረቀቱ ቢቃጠል ሌላ ይታተማልና፤ ሃምሳ ካተምን በኋላ ሰሌዳውን እንፋቀው የሚል አሳብ በአእምሯቸው ሊገባ አይችልም ነበር።

በ20ኛው መቶ ዓመት ግን ኅትመት የመጽሐፍ አገልጋይ መሆኑ ቀርቶ ራሱን የቻለ የሥነ ጥበብ ዘርፍ ሆነ። በ1960 በቪየና የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ጉባኤ፥ የቅጂውን ብዛት የመወሰን ሥልጣን የሠዓሊው እንዲሆን፥ እያንዳንዱም ቅጂ ፊርማና ቍጥር እንዲኖረው፥ ኅትመቱ ሲፈጸምም ሰሌዳው እንዲሰረዝ ወይም ምልክት እንዲደረግበት የሚል ደንብ አወጣ። ደንቡ ፍትሕ የሌለው አይደለም፤ ገዢውን ከአታላይ፥ ሠዓሊውንም ያለ ፈቃዱ ከሚያባዛ ነጋዴ ይጠብቃልና። በኮሪያም በ1958 የኅትመት ሠዓልያን ማኅበር ተቋቍሞ፥ በ1970 በሴኡል ዓለም አቀፍ የኅትመት ትርኢት ተከፍቶ ነበር።

ኦ ዩን የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው። በ1946 በፑሳን ተወለደ፤ አባቱ ኦ ዮንግ ሱ የታወቀ ደራሲ ነበር። ልጁ አራት ዓመት ሲሆነው የኮሪያ ጦርነት ተነሣ፤ የእኛም አገር የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ1951 ጀምሮ የተዋጉበት ይኸው ጦርነት ነው። ኦ ዩን በሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የቅርጻ ቅርጽ ትምህርት ተማረ። በ1969 ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የሕዝቡን እውነተኛ ኑሮ የሚያሳይ ትርኢት ቢያዘጋጅም፥ በደረሰባቸው ግፊት ሳይከፈት ቀረ። ከዚያ በኋላ የአገሩን የጭምብል ጭፈራ፥ የቤተ መቅደስ ሥዕልና የባላገሩን ሥዕል በጥሞና መረመረ። አሥር ዓመት ቈይቶም «እውነታና ንግግር» የሚባለውን የሠዓልያን ቡድን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ።

በመጨረሻ ያዘወተረው የእንጨት ኅትመትን ነው። የሥራው አፈጻጸም ቀላል ይመስላል። በእንጨቱ ላይ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ስፍራ በስለት ይወገዳል፤ ከፍ ብሎ የቀረው ቀለም ይቀባል፤ ወረቀት ወይም ጨርቅ ተደርጎበት ከጀርባው ይታሻል። ነገር ግን ስለት የሳተውን እርሳስ እንደሳተው ማጥፋት አይቻልም። ስለዚህ የኦ ዩን መስመር ወፍራም፥ ቈራጥና ማመንታት የሌለበት ነው። የቀረጻቸውም ገበሬዎችን፥ የቀን ሠራተኞችን፥ እናቶችንና ጨፋሪዎችን ነው። ብዙዎቹ ሥራዎቹ በመጻሕፍት ሽፋን ላይ ስለ ወጡ፥ የሥዕል አዳራሽ ረግጦ የማያውቅ አንባቢ እንኳ በጥቂት ገንዘብ በእጁ ሊይዛቸው ችሏል።

ከሥራዎቹ ሁሉ ስመ ጥር የሆነው በ1985 የሠራው «የሰይፍ ዘፈን» ነው። ሰይፍ ይዞ የሚጨፍር ሰው ያሳያል። ርእሱ የዶንግሃክን እምነት በ1860 የመሠረተውንና በ1864 በመንግሥት የተገደለውን የቾኤ ጄ ኡን የሰይፍ ዘፈን ያስታውሳል፤ በ1894 የተነሣው ታላቁ የገበሬዎች ዐመፅም ከዚሁ እምነት ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ወራት አገሪቱ በወታደር አገዛዝ ሥር ስለ ነበረች፥ ኮሪያዊው ተመልካች የሰይፉን ትርጕም ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም ነበር።

ኦ ዩን የግል ትርኢቱን ባሳየበት በ1986፥ ገና በ40 ዓመቱ በሕመም ሞተ። በማግሥቱ ዓመት ሕዝቡ ለነጻ ምርጫ አደባባይ በወጣ ጊዜ፥ የእንጨት ኅትመት ሥዕል በሰልፈኞች ደረት ላይ ተለጥፎ ታየ። ኦ ዩን የተመኘው የሥዕል አገልግሎት ይህ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም። ዛሬ ግን የእርሱ ኅትመቶች በሙዚየም የሚጠበቁና በጨረታ የሚሸጡ ሆነዋል፤ ለብዙዎች ተብሎ የተቀረጸውን አሁን የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው።

ታዲያ ቍጥሩን እንንቀፈውን? አይገባም። ሠዓሊው በሕይወት ሳለ በእጁ ያተመውን ሌላ ሰው ከሞቱ በኋላ ካተመው መለየት የታሪክ ጸሐፊም የሙዚየም ጠባቂም ግዴታ ነው፤ ያለ ቍጥርና ያለ ፊርማ ይህ እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። የሚነቀፈው ቍጥሩን የሥዕሉ ዋጋ መለኪያ አድርጎ ማሰብ ነው። 7/50 የሚለው ጽሑፍ ስለ ወረቀቱ ይመሰክራል እንጂ፥ ሰይፍ ስለ ያዘው ጨፋሪ የሚነግረን የለም። የሄኢንሳ ቀራጮች ስማቸውን ለማስከበር ሳይሆን ቃሉ እንዳይጠፋ ደከሙ፤ ኦ ዩንም የሕዝቡ ፊት እንዳይረሳ ደከመ። ስለዚህ መምህርም ሆነ ተማሪ የኅትመት ሥዕል በሚያይበት ጊዜ፥ ስንተኛው ቅጂ ነው ብሎ ከመጠየቁ በፊት ለማን ተቀረጸ ብሎ ቢጠይቅ፥ ሥራውን በተገቢው መንገድ ማንበብ ጀመረ ማለት ነው።