የተራራው በረኛ

ጥቅምት 4 ቀን በማለዳ ከአዳማ መናኸሪያ ወደ ሞጆና ቢሾፍቱ በሚነሱት መኪኖች ውስጥ ነጠላ ያጣፉ፣ ጧፍና ዕጣን የቋጠሩ መንገደኞች ይበዛሉ። ጉዟቸው ወደ ዝቋላ ነው፤ በማግስቱ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዓመታዊ በዓል ነው። ዝቋላ 2,989 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከእሳተ ገሞራ አፉ ውስጥ ሐይቅ፣ ከሐይቁ ዳር ገዳም ይገኛል። እዚያ ለመውጣት ቲኬት የሚቆርጥ የለም። ከዚያው መናኸሪያ ወደ ምሥራቅ የሄደ ግን መተሐራን አልፎ ፈንታሌን ያገኛል። ፈንታሌ 2,007 ሜትር ብቻ ነው፤ ሆኖም በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ስለሆነ በር፣ ክፍያና ደረሰኝ አለው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል፤ የተራራ ዋጋ ከቁመቱ አይመነጭም፤ ከበረኛው ነው የሚመነጨው። ስለዚህ ስለ መውጫ ፈቃድ ስናወራ “ስንት ነው?” ከማለታችን በፊት “በሩን የያዘው ማነው?” ማለት ይገባናል።

በረኛ ያለው ተራራ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የንጉሥ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ በግሸን አምባ ላይ ይጠበቁ ነበር፤ በጎንደር ዘመን ደግሞ ተራው የወህኒ አምባ ሆነ፤ ዛሬ እስር ቤትን “ወህኒ” የምንለው ከዚያ ተራራ ወርሰን ነው። በደብረ ዳሞ የሚወጣው በጠፍር ገመድ ነው፤ ገመዱ በመነኮሳቱ እጅ ነው፤ ሴት ደግሞ ከናካቴው አትወጣም። ዝቋላም ያለ ሕግ አይደለም። ቅጥሩ ጫማ ያስወልቃል፣ ሐይቁ ይከበራል፣ ደኑ በግዝት ይጠበቃል። ተሳላሚው የሚከፍለው ስለት ነው። ኦሮሞው ተራራውን ጩቃላ ይለዋል፤ ወረዳው እንኳ ሊበን ጩቃላ ተብሎ ይጠራል። ሐይቁ ለክርስቲያኑም ለነባሩ የኦሮሞ እምነት ተከታይም ቅዱስ በመሆኑ የክብሩ ጠባቂዎች ከአንድ ወገን በላይ ናቸው።

መንግሥት በወረቀት ፈቃድ መስጠት ሲጀምር ጉዳዩ መውጣት አልነበረም፤ አደን ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ገደማ በተለይ የዝሆን አደንን የሚገድብ ደንብ አወጡ። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ባሉት የአርሲ ተራሮች ላይ አንድ እንስሳ ገደለ። ሪቻርድ ላይደከር እ.ኤ.አ. በ1910 ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው የአዳኙን ስም ሰጠው። የአርሲ ገበሬ ሲያየው የኖረው፣ ኋላም በአሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው የደጋ አጋዘን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን በዩኔስኮ በኩል መጥቶ ብሔራዊ ፓርኮች እንዲከለሉ መከረ። አዋሽ እ.ኤ.አ. በ1966 ተመሠረተ፤ በ1969 በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ክልሉ ግን ባዶ መሬት አልነበረም፤ የከረዩ ኦሮሞ ከብትና ግመል የሚያሰማራበት፣ በድርቅ ወራት የሚሸሸግበት ምድር ነበር። በዚያው ዘመን የደች ኩባንያው ኤች ቪ ኤ፣ ከወንጂ ቀጥሎ፣ በመተሐራ የሸንኮራ እርሻ ዘረጋ። የወንዙን ዳር አገዳ፣ ግጦሹን ፓርክ ወሰደው። ከአዲስ አበባ ለመጣ መኪና የተከፈተው በር ለከረዩ መንጋ ተዘጋ።

የዚህ ዕዳ በ1983 ዓ.ም. ተጠየቀ። ደርግ ሲወድቅና ጠባቂ ሲጠፋ በብዙ ፓርኮች ከብት ተመልሶ ገባ፣ ዛፍ ተቆረጠ፣ ሕንፃ ተዘረፈ። ከቡልቡላ እስከ አርሲ ነገሌ ባለው መንገድ ዳር ያለው አብያታ ሻላ እስከ ዛሬ ሰፈራና ከሰል አልለቀቁትም። በጠመንጃ ብቻ የቆመ በር ጠመንጃው ሲነሳ አብሮ እንደሚነሳ ያን ጊዜ ታየ።

ሕጉ ኋላ ላይ ተስተካክሎ ተጻፈ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጣ፤ በዓመቱ አዋጅ ቁጥር 575/2000 ፓርኮቹን የሚያስተዳድረውን የዱር እንስሳት ባለሥልጣን አቋቋመ። መግቢያው ለኢትዮጵያዊ፣ እዚህ ለሚኖር የውጭ ዜጋና ለጎብኚ ለየብቻ ይተመናል፤ የመኪናና የድንኳን ሒሳብ ይጨመራል። በሰሜን ተራሮች ደግሞ ወደ ራስ ዳሸን የሚያቀና ሰው ደባርቅ ላይ ከፍሎና ስካውት የሚባለውን የታጠቀ ጠባቂ ይዞ ነው የሚነሳው።

ዓለም ከፍታን እንዴት እንደሚሸጥ ብናይ የእኛ ኢምንት ነው። ኔፓል የኤቨረስትን የጸደይ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2025 ከ11,000 ወደ 15,000 ዶላር አሳድጋለች። ኪሊማንጃሮም በየቀኑ ያስከፍላል። ሆኖም ዋናው ቁም ነገር ብሩ ከየት ገብቶ የት ይወጣል የሚለው ነው። በፓርኩ በር የተቆረጠው ደረሰኝ ወደ መንግሥት ሒሳብ ይሄዳል፤ ወደ መንደሩ የሚደርሰው የመንገድ መሪው፣ የበቅሎ ጫኙና የስካውቱ የቀን ክፍያ ነው። ከሻሸመኔ ወደ ባሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ዶዶላ ሌላ መንገድ ሞክራለች። የደኑ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው የመኖርና የመጠቀም መብት ተሰጣቸው፤ በምላሹ ደኑን ይጠብቃሉ፣ ኪራይ ይከፍላሉ። በፈረስ የሚመጣውን እንግዳ የሚመሩትና የሚያሳድሩትም የአካባቢው ሰዎች ሆኑ። እዚያ በረኛውና ባለ ቤቱ ተቀራረቡ።

ይህ ትምህርት ለጭላሎ ይጠቅማል። ከአሰላ በላይ ከ4,000 ሜትር አልፎ የሚወጣው ይህ ተራራ ከገለማና ከካካ፣ እንዲሁም ከአዳማ ብዙም ከማይርቀው ዴራ ዲልፈቃር ጋር በአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተካትቷል። ፓርኩን ኦሮሚያ ክልል ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ለአጋዘኑ ሲባል እርሻ እስከ የት ይውጣ፣ ከእንግዳ የሚገኘው ገንዘብስ ከገብስ ማሳው ባለቤት ጋር እንዴት ይካፈል? ወጣት ፓርክ ይህን ከመጀመሪያው ማስተካከል ይችላል፤ አዋሽ ያልቻለውን።

የዝቋላ መንገድ ብቻውን በቂ ነው ማለቴ አይደለም። ስለት የስካውት ደመወዝ አይከፍልም፤ ግዝትም የማይፈራውን ሰው አያስቆምም። ግን በመጋቢት 2004 ዓ.ም. የዝቋላ ደን በእሳት ሲያያዝ ከቢሾፍቱ፣ ከአዳማ፣ ከአዲስ አበባ ሕዝብ መኪና እየተሳፈረ ወደዚያ ጎረፈ። ቅጠል ዘንጥለው፣ ውሃ ተሸክመው፣ እየተንሸራተቱ ወደ ነበልባሉ ወጡ። ከመካከላቸው ለመውጣት ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም፤ ደረሰኝ የያዘም የለም። ተራራው የእነርሱ እንደሆነ ግን አንዳቸውም አልተጠራጠሩም።