የቀንጢቻ ድንጋይና የኡልባ ፋብሪካ

ቱላን አቋርጦ ከሐዋሳ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ አፖስቶ ላይ ይገነጠልና ወደ ክብረ መንግሥትና ሻኪሶ ያመራል። እኔ የቱላ ነዋሪ ነኝ። በዚህ አቅጣጫ ስላለው ወርቅ ሲወራ ከልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ ስለ ታንታለም ግን ማንም አልነገረኝም። ውድ አንባብያን፣ ይህ ብረት በስልክና በኮምፒውተር ውስጥ ላሉ ጥቃቅን ካፓሲተሮች የሚውል ነው።

በጉጂ የሚገኘውን የቀንጢቻ ክምችት በደርግ ዘመን ኢትዮጵያውያንና የሶቪየት ባለሙያዎች አጠኑት፤ የሙከራ ማምረቻውም እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ ጀመረ። ሥራው የበሰበሰውን ድንጋይ መቆፈር፣ ማጠብ፣ በክብደትና በማግኔት መለየት፣ የተገኘውንም ጥቁር አሸዋ አሽጎ ወደ ውጭ መላክ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ጥበብ የሌሎች ነው።

እነዚያው ሶቪየቶች በገዛ ግዛታቸው ያደረጉት ሌላ ነው። በካዛኽስታን፣ ኡስት ካሜኖጎርስክ በተባለች ከተማ፣ በ1949 የተመሠረተው የኡልባ የብረታ ብረት ፋብሪካ የኑክሌር ነዳጅ፣ ቤሪሊየምና ታንታለም በአንድ ግቢ ያመርታል። ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች፤ ፋብሪካው ቀረ። በ1994 አሜሪካውያን 600 ኪሎ ግራም ያህል ከፍተኛ ማበልጸግ የተደረገለት ዩራኒየም ከዚያ በምስጢር አወጡ። በ2019 ደግሞ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የነዳጅ ባንክ እዚያው የመጀመሪያ ጭነቱን ተረከበ።

ንጽጽሩ የሚያመው እዚህ ላይ ነው። ታንታላይት ዩራኒየምና ቶሪየም አዝሎ ይወጣል፤ መጠኑ ከተወሰነው ካለፈ በመጓጓዣ ደንብ 7ኛው ክፍል፣ ማለትም ሬዲዮአክቲቭ ዕቃ ተብሎ ይመዘገባል፤ ጫኚ መርከብ ማግኘትም ይቸግራል። የቀንጢቻም ፈተና ይኸው ነበር። እኛን መንገድ የዘጋብን ዩራኒየም ለኡልባ የዕለት እንጀራው ነው።

«እንግዲያው ፋብሪካ ይተከል» የሚሉ ተማሪዎች አሉኝ። ቁጭታቸውን እጋራለሁ፤ ችኮላቸውን ግን አልጋራም። ቀንጢቻ ሥራ በጀመረበት በዚያው በ1990፣ በመስከረም፣ ኡልባ ውስጥ ፍንዳታ ደርሶ የቤሪሊየም ብናኝ ወደ ከተማዋ ተበትኗል። ታንታለምን ከድንጋዩ መለየትም ሃይድሮፍሎሪክ አሲድን ይጠይቃል፤ ይህ አሲድ ሥጋ አልፎ አጥንት ይበላል። ሩቅ ሳንሄድ፣ ከቀንጢቻ ብዙም የማይርቀው የለገ ደምቢ ወርቅ ማውጫ በ2018 ነዋሪዎች በጤናችን ላይ ጉዳት ደረሰብን ብለው በመነሣታቸው ፈቃዱ ታግዶ ነበር።

ዛሬ የቀንጢቻ ስም በሊቲየም እንደገና እየተነሣ ነው። ስለ ቶንና ስለ ዶላር ብዙ ይነገረናል። ታጥቦ የተደፋውን አሸዋ፣ የጉጂ ከብት የሚጠጣውንም ውሃ የሚለካው ማን ነው? ልኬቱስ ለማን ይነገራል?