ፓምፕን በልኩ ማሽከርከር፦ የሞተር ቁጥጥር ታሪክና የጅማ ኮረብቶች

ከጅማ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው የግልገል ጊቤ ቁጥር 1 ማመንጫ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አቅሙ 184 ሜጋዋት ነበር። በዚያ ውሃ እየወረደ ኃይል ይሰጣል፤ በአጋሮ፣ በሊሙና በጌራ ኮረብታማ የቡና አገር ግን ለእሸት ቡና ማጠቢያም ሆነ ለበጋ መስኖ ውሃን ከወንዝ ወደ ላይ መሳብ ኃይል ይጠይቃል። እንግዲህ ከዚህ ኃይል ምን ያህሉን ማዳን ይቻላል?

የኢንዳክሽን ሞተር ፍጥነት በመስመሩ ድግግሞሽ የሚወሰን በመሆኑ፣ የውሃውን መጠን መቀነስ የፈለገ ባለሙያ ለረጅም ዘመን የነበረው ቀላል ዘዴ ቫልቭ ማጥበብ ነበር። ሞተሩ ግን ፍጥነቱን አይቀንስም፤ ትርፉ ግፊት በቫልቩ ላይ ይባክናል። እ.ኤ.አ. በ1957 ታይሪስተር ከተሠራ በኋላ ሁለት መንገዶች ተከፈቱ። አንደኛው የዴንማርኩ ዳንፎስ ኩባንያ በ1968 ለገበያ ያቀረበው ድግግሞሽ መለወጫ ሲሆን፣ የሞተሩን ፍጥነት ራሱን ይለውጣል። ሁለተኛው የናሳው መሐንዲስ ፍራንክ ኖላ በ1977 የፈጠራ መብት ያገኘበት መሣሪያ ነው፤ ይኸኛው ሞተሩ ሥራ ሲቀልለት ቮልቴጁን ይቀንሳል። ዘወትር ጭነት ለማይለየው ፓምፕ ግን የኖላ መሣሪያ ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

የፍጥነት ቁጥጥር ተስፋ የተመሠረተው በታወቀ ሕግ ላይ ነው፦ የፓምፑ ግፊት በፍጥነቱ ሁለተኛ ርቢ፣ የሚፈልገው ኃይል በሦስተኛ ርቢ ይለወጣል። ፍጥነቱ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ ኃይሉ ወደ 51 በመቶ ይወርዳል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ስሌት በሙላት የሚሠራው ፓምፑ የሚታገለው ከቧንቧ ሰበቃ ጋር ሲሆን ነው። ኮረብታ ላይ ነገሩ ይለያል። በሙሉ ፍጥነቱ እስከ 40 ሜትር የሚገፋ ፓምፕ ውሃን 30 ሜትር ከፍታ ላይ እንዲያደርስ ታዘዘ እንበል። ፍጥነቱ ወደ 80 በመቶ ቢወርድ የመግፋት አቅሙ 25.6 ሜትር ብቻ ይሆናል። ሞተሩ ይሽከረከራል፤ ኮረብታው ላይ ግን ጠብታ አይደርስም።

ስለሆነም የሥራ ባልደረቦቻችን ለቡና ከተሞች መሣሪያ ከመምረጣቸው በፊት ከፍታውን ከሰበቃው ለይተው ይለኩ። ከፍታው የበዛ እንደሆነ፣ ለቦታው የሚመጥን ፓምፕ መርጦ ኮረብታው ላይ ገንዳ መሙላትና ውሃውን በራሱ ክብደት ወደ ማሳው መልቀቅ ከውድ መቆጣጠሪያ ይበልጣል። ሰበቃው የበዛ እንደሆነ ግን ድግግሞሽ መለወጫው ወጪውን ሊመልስ ይችላል።