«ምን ደረሰህ?»፦ ከስድስት ኪሎ እስከ ጄፒ

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት ለእረፍት ቤተሰቡ ዘንድ ሲመለስ ጎረቤት «ምን መረጥክ?» ብሎ አይጠይቀውም። «ምን ደረሰህ?» ነው የሚለው። ሕግ ደረሰው፣ ሂሳብ አያያዝ ደረሳት፣ ጂኦግራፊ ደረሰው ይባላል፤ ልክ እንደ ቀበሌ ስኳር ወይም እንደ እቁብ ዕጣ። ይህች አነጋገር እንዲያው በልማድ የመጣች አይደለችም። ከኋላዋ ረጅም ታሪክ አለ፤ ያ ታሪክ ዛሬም ጆሃንስበርግ ውስጥ ልጅ በሚያሳድጉ ወገኖቻችን ቤት ማንም ሳያስተውለው ሥራውን ይሠራል።

ከጣሊያን ወረራ በፊትም ሆነ ከነጻነት በኋላ ለትምህርት ወደ ውጭ የተላኩት ወጣቶች ጥቂት ስለነበሩ ማን ምን እንደሚማር የመንግሥት ጉዳይ ነበር። አገሪቱ ሐኪም፣ መሐንዲስና የሕግ ሰው ያስፈልጋታል፤ ልጁም በዚያ ሒሳብ ይላካል። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት አመራሩ የተሰጠው ቀደም ሲል የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ኃላፊ ለነበሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት ነው። በተከታዮቹ ዓመታት የአለማያ እርሻ ኮሌጅ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን እርዳታ፣ የጎንደር ጤና ኮሌጅና በስዊድን ድጋፍ የቆመው የሕንፃ ኮሌጅ ተከተሉ። ታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. እነዚህ ሁሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲሰባሰቡ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው አስረከቡ። ስድስት ኪሎ የተማረ ሁሉ ግቢውን ያውቀዋል።

አዲሱ ዩኒቨርሲቲ አሠራሩን በብዛት የወሰደው ከአሜሪካ ነው። ፍሬሽማን፣ ክሬዲት፣ ጂፒኤ የሚሉት ቃላት የመጡት በዚያ በኩል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ዘወር ብሎ ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ አርባ ዓመት የመሩት ቻርልስ ኤሊየት ተማሪው የሚወስደውን ኮርስ ራሱ እንዲመርጥ ፈቀዱ። ምርጫው ሲበዛ የአሥራ ስምንት ዓመቱ ልጅ ግራ ተጋባ። ስለዚህ በ1889 ዩኒቨርሲቲው ለአዲስ ገቢዎች አማካሪ መምህራንን መደበ። አማካሪ የመጣው ምርጫ ስለመጣ ነው ማለት ነው። ወደ ኢትዮጵያ የተሻገረው ግን ጂፒኤው እንጂ ምርጫው አልነበረም፤ ቢሻገርም በጣም ጠቦ ነው። ምርጫ በሌለበት ደግሞ አድቫይዘር የሚሠራው ብዙ ነገር የለም፤ ለአብዛኛው ተማሪ የምዝገባ ወረቀት ላይ የሚፈርም ሰው ሆኖ ቀረ። እውነተኛውን ምክር የሰጡት የዶርም ታላላቆች ናቸው። የትኛው መምህር ነጥብ ይሰስታል፣ የትኛው ዲፓርትመንት ሥራ ያስይዛል፣ የትኛውን ኮርስ ከየትኛው ጋር ደርቦ መውሰድ ያስጠቃል፤ ይህ ሁሉ የሚታወቀው በካፌ ሰልፍ ላይ ነበር።

መመደብ በየዘመኑ መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀምሮ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር፣ አብዛኞቹም ለማስተማር ተላኩ። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ ባወጀው የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ዘመተ። ትምህርት ሲቀጥልም ተማሪው ፍሬሽማንን ጨርሶ የዲፓርትመንት ምርጫውን በተራ ይጽፋል፤ ነጥቡ ካልበቃ አራተኛ ወይም አምስተኛ አድርጎ የጻፈው ይደርሰዋል። ሕክምናና ምሕንድስና የከፍተኛ ነጥብ ቤት ሆኑ። በዚህም የዲፓርትመንት ደረጃ የሰው ደረጃ መስሎ ተቆጠረ። ዛሬ በጄፒ ሱቅ ደጃፍ «ልጄ ዶክተር ካልሆነ ኢንጂነር» የሚለው አባት ያችኑ የነጥብ ተራ ነው የሚደግመው።

እውነቱን ለመናገር ምደባው ክፋት ብቻ አልነበረውም። የመደበ መንግሥት ዶርምና ምግብ ይሰጥ ነበር፤ ተማሪው ሲመረቅም መሥሪያ ቤት ይመድበው ነበር። ጂኦግራፊ የደረሰው ልጅ ቢያዝንም አስተማሪ ሆኖ ደመወዝ እንደሚቆረጥለት ያውቃል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሥራ የመመደቡ ነገር ቀረ፤ የትምህርት ምደባው ግን ቀጠለ። ሚያዝያ 1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ፖሊሲ መሠረት በኋላ ፍሬሽማን ወደ መሰናዶ ወርዶ ዲግሪው ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ዝቅ አለ። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከመቶ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር ተባለ። የታሪክ ፍቅር ያለው ስንቱ ልጅ መካኒካል እንደደረሰው የሚያውቅ ያውቀዋል። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ።

ደቡብ አፍሪካ እንዲህ ያለ ሻንጣ ይዘው ለመጡ ወላጆች አሳሳች አገር ናት። ቃሉ አንድ ነው፤ እዚህም ማትሪክ ይባላል። ታሪኩ ግን የተለየ ነው። በአፓርታይድ ዘመን ለጥቁር ልጅ የሚመደብለት መስክ ሳይሆን የሚከለከልበት መስክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 የባንቱ ትምህርት ሕግ ሲወጣ ሚኒስትሩ ፈርቩርት ጥቁር ልጅ በኑሮው ለማይጠቀምበት ሒሳብ መማሩ ምን ይረባል የሚል ክርክር ያቀርቡ ነበር። በ1959 የወጣው ሕግ ደግሞ ዊትስን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎችን በር ያለ ሚኒስትር ፈቃድ ለጥቁሮች ዘጋ። ሰኔ 16 ቀን 1976 የሶዌቶ ተማሪዎች አደባባይ የወጡት ሒሳብንና ማኅበራዊ ትምህርትን በአፍሪካንስ ተማሩ ስለተባሉ ነው።

ክልከላው በ1994 ቢያከትምም ሒሳብ አሁንም የመንገድ መገንጠያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሥረኛ ክፍል በተጀመረው ሥርዓተ ትምህርት አብዛኛው ተማሪ ከሁለት አንዱን ይወስዳል፤ ወይ ማቴማቲክስ፣ ወይ ማቴማቲካል ሊተራሲ። የመጀመሪያው ፈተና የተሰጠው በ2008 ነው። ሁለተኛው ቀለል ያለ የዕለት ኑሮ ሒሳብ ነው፤ ማትሪክ ያሳልፋል። ነገር ግን ምሕንድስና፣ ሕክምና፣ ቻርተርድ አካውንታንትነት የሚያደርሱት ዲግሪዎች የሚጠይቁት የመጀመሪያውን ነው። ከማቴማቲክስ ወደ ሊተራሲ መውረድ ቀላል ነው፤ መልሶ መውጣት ግን እጅግ ከባድ።

ምርጫው የሚደረገው በዘጠነኛ ክፍል መጨረሻ፣ ልጁ 15 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ወረቀቱ ለወላጅ ፊርማ ወደ ቤት ይላካል። አባት ብርድ ልብስ ሲቆጥር፣ እናት ሱቅ ስትዘጋ ይቀርብላቸውና ይፈርማሉ። መስኩ የሚወሰነው ወደፊት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ በነጥብ፣ በመንግሥት ነው ብለው ያስባሉና። ሦስት ዓመት ቆይቶ ጥሩ ውጤት ያመጣች ልጅ ለምሕንድስና ስታመለክት በሩ ዝግ ሆኖ ታገኘዋለች። ዘጊው ያ ፊርማ ነው።

ሌላው የሚያሳስተው ጊዜው ነው። አገር ቤት ውጤት ይወጣል፣ ከዚያ ይሞላል፣ ከዚያ ይደርሳል። እዚህ ማመልከቻው የሚገባው ተማሪው 12ኛ ክፍል ላይ ሳለ ነው፤ ጊዜያዊ ቅበላውም የሚሰጠው በ11ኛ ክፍል ውጤት ነው። ኤ.ፒ.ኤስ. የሚባለውን ነጥብ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ስሌት ይደምራል፤ ስለዚህ አንዱ ጋ የበቃ ሌላው ጋ ላይበቃ ይችላል። ውጤት እስኪወጣ የሚጠብቁት የአገሩ ተወላጆችም ብዙ ነበሩ። ጥር 10 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. በጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ለዘገየ ምዝገባ ተሰልፈው ሳለ በተፈጠረው ግፊያ ልጇን ልታስመዘግብ የመጣች እናት ሞተች። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲው በአካል መጥቶ ዘግይቶ ማመልከትን አቆመ።

ከገቡ በኋላም ዲግሪው እንደ አገር ቤቱ አይደለም። አብዛኛው ባችለር ሦስት ዓመት ነው፤ ወደ ማስተርስ ለመሻገር ግን አንድ ዓመት ኦነርስ የሚባል አለ። ምሕንድስና አራት ዓመት ነው፤ በዊትስ ሕክምና ስድስት። ቢኮም የሚባለው ዲግሪም በስሙ አንድ ይምሰል እንጂ ብዙ ዓይነት ነው፤ ቻርተርድ አካውንታንት ለመሆን የሚያበቃው ለዚያ ተብሎ እውቅና ያገኘው ብቻ ነው። ይህን የሚያስረዱ አማካሪዎች በየፋኩልቲው አሉ፤ ሥራቸውም ይኸው ነው። ግን ካልሄዱባቸው አይመጡም። መንግሥት ለድሃ ተማሪ የሚሰጠው ኤንስፋስ የሚባለው ድጎማ ለስደተኛ ልጅ የታሰበ ስላልሆነ በተሳሳተ መስመር ያለፈች አንዲት ዓመት የምትከፈለው ከሱቁ ገቢ ነው።

ለትላልቆቹም መንገድ አለ። በ1873 የተመሠረተው ዩኒሳ ዩኒቨርሲቲ ከ1946 ጀምሮ በርቀት ያስተምራል። በ1962 ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ኔልሰን ማንዴላ ከፎርት ሄር ከወጡ በኋላ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የጨረሱት በዩኒሳ ነው። ዊትስ ጀምረው ያልጨረሱትን የሕግ ዲግሪም በ1989፣ እስር ላይ ሳሉ፣ ከዚያው አገኙት። አገር ቤት ማትሪክ ወስዶ ጄፒ ላይ የሚነግድ ሰው መጀመሪያ ውጤቱን ሳቃ በሚባለው የመንግሥት ተቋም ማስገምገም ይኖርበታል። ዋናው ወረቀት ሆሳዕና ወይም ዱራሜ፣ እናት ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ግን ከሁሉ በፊት እሱን ማስመጣት ነው።