በላስታ ደጋ የሚኖረው ቀይ ቀበሮና የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት

በሰሜን ወሎ ዞን በላሊበላ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4ሺህ 200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። ጓሳ፣ አስታና ጅብራ የሚበቅሉበት ይህ ውርጫማ ስፍራ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ከሚኖርባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው።

ለአካለ መጠን የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች ቁጥር በመላ አገሪቱ ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል። ከነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይገኛሉ። ቀድሞ ይኖርበት ከነበረው ከጎጃሙ የጮቄ ተራራ ግን እንስሳው ፈጽሞ ጠፍቷል።

ቀይ ቀበሮ በመንጋ ቢኖርም የሚያድነው ብቻውንና በቀን ነው። ዋና ምግቡ አይጥ ሲሆን፣ ደማቅ ቀለሙ ያጋልጠዋል ቢባልም ሆዱን ከመሬት አስጠግቶ በሣሩ ውስጥ በቀስታ እየተሳበ ይደርስባታል። እ.ኤ.አ በ2015 ይፋ የሆነ በመንዝ ጓሳ የተካሄደ ጥናት እንዳመለከተው፣ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ከመቶ ሙከራዎቹ 67ቱ ሲሳኩለት፣ ለብቻው ሲሆን ግን የሚሳኩለት 25ቱ ብቻ ናቸው። ጭላዳ በአቡነ ዮሴፍም ይገኛል።

አዋጅ ቁጥር 541/1999 ለአገሪቱ የዱር እንስሳት የሕግ ከለላ ይሰጣል። ይሁንና ቀይ ቀበሮን ይበልጥ የሚያሰጋው ከአዳኝ ጠብመንጃ ይልቅ ከብት ተከትሎ ወደ ተራራው የሚወጣው የእረኛ ውሻ ነው። በ1996 ዓ.ም በባሌ ዌብ ሸለቆ በተከሰተው የእብድ ውሻ በሽታ በሸለቆው ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። ወረርሽኙ ወደ ሌሎች ሸለቆዎች እንዳይዛመት የተገታው በመተላለፊያው የነበሩት ቀበሮዎች ተይዘው በመከተባቸው ነው። እ.ኤ.አ ከ2018 ጀምሮም በሥጋ ውስጥ ተደርጎ የሚሰጥ ክትባት በባሌ ሥራ ላይ ውሏል።

የባሌ ቀበሮዎች ብዛት ስላላቸው ከጉዳቱ ማገገም ችለዋል። በአቡነ ዮሴፍ ያሉት ግን እጅግ ጥቂትና ከሌሎች የተነጠሉ በመሆናቸው ተመሳሳይ ወረርሽኝ ቢደርስባቸው የሚተካቸው ከሌላ ቦታ አይመጣም። የገብስ እርሻና ግጦሽ ሽቅብ እየገፋ በመጣ ቁጥርም ውሻና ቀበሮ ይበልጥ ይገናኛሉ።

ስለዚህ ጥበቃው ለዱር እንስሳት ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በተራራው ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ውሾችን ማስከተብ የወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ሥራ ሲሆን፣ ሰውንም ከበሽታው ያድናል። ክትባቱ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ከቆመ ግን በየዓመቱ የሚወለዱት ቡችሎች ያልተከተበውን ውሻ ቁጥር መልሰው ያበዙታል።