ጀርባ ሰጥቶ ማየት

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ማለዳ፣ ላሊበላ ላይ ጨረቃ የፀሐይን መሐል ሸፍና ዙሪያዋን የእሳት ቀለበት አስቀረችላት። አዲስ አበባ የነበርነው ደግሞ ፀሐይን ተገምጣ አየናት። በሰፈራችን አንዱ የራጅ ፊልም፣ ሌላው ጥላሸት ያጠቆረው መስተዋት ይዞ ወጣ። አንዲት እናት ግን ሳህን ላይ ውሃ ሞልተው ወደ ውሃው አጎነበሱ። ለመሆኑ ትክክሉ የቱ ነበር?

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ፕላቶ ከ2,300 ዓመታት በላይ አስቀድሞ በጻፈው «ፌዶን» ውስጥ ሶቅራጥስ፣ ግርዶሽን የሚመለከቱ ሰዎች ምስሏን በውሃ ካላዩ ዓይናቸውን እንደሚያበላሹ ይናገራል። እናታችን የሚጠቅሱት ሊቅ አላጡም ማለት ነው። ሆኖም ነጸብራቅም አይታመንም። ኒውተን ገና ወጣት ሳለ በመስተዋት ውስጥ ያያት ፀሐይ ከዓይኑ አልጠፋ ብላው፣ ለቀናት ጨለማ ክፍል ዘግቶ ተቀምጧል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዓይናችን ሌንስ የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ ሬቲና ላይ ያሳርፋል። ሬቲና ደግሞ ሕመም አይሰማውም፤ ሲቃጠል ዝም ይላል። የራጅ ፊልሙና ጥላሸቱም ብርሃኑን ቢያደበዝዙ እንኳ የማይታየውን ጨረር ለመከልከላቸው ዋስትና የለም።

መፍትሔው የተገኘው ከቀዳዳ ነው። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢብን አል ሐይሰም በጠባብ ቀዳዳ የሚገባ የግርዶሽ ብርሃን የፀሐይን ቅርጽ ይዞ እንደሚያርፍ መረመረ። በጥር 1544 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጌማ ፍሪሲየስ ሉቨን ከተማ ውስጥ ጨለማ ክፍል ገብቶ ግርዶሹን ከግድግዳ ላይ ተመለከተ። ዛሬም ካርቶን በመርፌ በስቶ፣ ለፀሐይ ጀርባ ሰጥቶ፣ ወረቀት ላይ የሚያርፈውን ምስል ማየት ይቻላል። ቀና ብሎ ማየት የፈለገ ለግርዶሽ የተሠራውን መነጽር ያድርግ።

በባዶ ዓይን የሚፈቀደው ፀሐይ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነችባት ቅጽበት ብቻ ነው። ነሐሴ 5 ቀን 1991 ዓ.ም. ሩማንያ ውስጥ ያች ቅጽበት 2 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ቆይታ፣ ነጩ አክሊል ታየ። የመጀመሪያዋ ብርሃን ብልጭ ስትል ግን ወዲያው መከለል ግድ ነው። ላሊበላ ላይ፣ ቀለበቱ ስላልጠፋ፣ እንዲህ ያለ ቅጽበት ፈጽሞ አልነበረም።

እኛ ያን ዕለት ወደ ሰማይ አንጋጠን ሳለ፣ አጥሩ ሥር ካለው ዛፍ ቅጠሎች መካከል የሾለኩ ትንንሽ ፀሐዮች፣ ሁሉም ተገምጠው፣ መሬቱን ሞልተውት ነበር። እግራችን ሥር ነበሩ፤ ያያቸው አንድ ሕፃን ብቻ ነው።